ደብተርህን ዝጋና ንገረኝ

ጥያቄ፦

«ጤና ይስጥልኝ መምህር። የምጽፍልዎ ከደምበጫ ወጣ ካለ ገጠር ነው። እጇን ያዋሰችኝ የጎረቤት ልጅ ናት። የበኩር ልጄ ዘንድሮ የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ አልፏል። መስከረም ላይ ዘጠነኛ ይገባል። ትምህርት ቤቱ ከተማ ስለሆነ ከሁለት ልጆች ጋር ቤት ይከራያል። ስንቁን እኔ በየገበያው አደርስለታለሁ። ትምህርት ተቋርጦ በነበረ ጊዜ ዓመት ባክኖበት አሁን 17 ሊሞላው ነው። እኔ ከአራተኛ ክፍል አላለፍሁም፤ አባቱም ያው ነው። እንግሊዝ አገር ያለችው እህቴ ደውላ ነበር። ልጇ ጂሲኤስኢ ለሚሉት ፈተና መማር ልትጀምር ነው አለችኝ። ‹አንቺም ልጅሽን ከአሁኑ ካልያዝሽው ያመልጥሻል› ትለኛለች። በምኔ ልያዘው? እንግሊዝኛ አላውቅ፣ ሒሳብ አላውቅ። ልጁ ደግሞ ስማርት ስልክ ግዙልኝ ይላል። አስጠኚ ልቅጠርለትስ ወይ? አንድ ወይፈን አለኝ፤ እሱን ልሸጠው አስቤያለሁ።»

እናት፣ ከደምበጫ አካባቢ

መልስ፦

እህቴ፣ ወይፈኑን አይሽጡት። ለስልክም ለአስጠኚም ብለው አይሽጡት።

«በምኔ ልያዘው?» ያሉት አንጀቴን በላው። 29 ዓመት ባዮሎጂ ሳስተምር ይህን ጥያቄ ከብዙ እናቶች ሰምቻለሁ። አብዛኞቹ ነጠላቸውን አጣፍተው በር ላይ ቆመው ነው የጠየቁኝ። ለሁሉም ያልሁትን ለእርስዎም እላለሁ። ልጅዎን የሚይዙበት ነገር አለዎት።

እኔም ዘጠነኛ ክፍል የገባሁት ስንቅ ተሸክሜ ነው። 1971 ዓ.ም. ነበር። ከመንደራችን ደብረ ማርቆስ የአራት ሰዓት የእግር መንገድ ነው። አራት ሆነን አንዲት ክፍል ተከራየን። ማታ ማታ በኩራዝ ጮክ ብዬ አነብ ነበር። ሌሎቹ ሲተኙ እኔ አነባለሁ። የመጀመሪያው መንፈቅ ውጤት ሲመጣ ግን ከ60 ተማሪ 51ኛ ወጣሁ። አፈርሁ። ለዕረፍት ወደ ቤት ስሄድ ካርዱን በስንቅ ከረጢቴ ውስጥ ደብቄ ገባሁ።

አባቴ ዘመናዊ ትምህርት አልተማረም። ልጅ ሆኖ ግን ሦስት ዓመት ቅኔ ቤት ቆይቷል። አንድ ማታ የታሪክ ደብተሬን እያነበብሁ ሰማኝ። «ምን ይላል?» አለኝ። «ታሪክ ነው» አልሁት። «ዝጋውና ንገረኝ» አለኝ። ዘጋሁት። አንድ ዐረፍተ ነገር መናገር አልቻልሁም። መስመሩን ዓይኔ ያውቀዋል፤ እኔ አላውቀውም።

አባቴ አልተቆጣኝም። የቅኔ ቤቱን ነገር ነገረኝ። እነ ዋሸራና ጎንጅ ያሉ ስመ ጥር ቅኔ ቤቶች ባሉበት አገር ተወልደን ይህን መርሳታችን ይገርመኛል። ተማሪው ብቻውን ገለል ብሎ ቅኔውን ይቆጥራል፤ በልቡ ያዘጋጃል ማለት ነው። ከዚያ የኔታ ፊት ቀርቦ ይነግራል። ነገራ ይባላል። የኔታ «አጥንተሃል ወይ?» ብለው አይጠይቁም። ተማሪው ሲነግር የቱ ጋ እንደተሰናከለ ይሰሙታል። ያቃናሉ።

ከዚያ ወዲህ ወደ ቤት በሄድሁ ቁጥር ለአባቴ የሳምንቱን ትምህርት እነግረው ነበር። የልብን አሠራር፣ የአድዋን ጦርነት፣ የአፈርን ዓይነት። እሱ እንግሊዝኛ አንድ ቃል አያውቅም። እኔ በአማርኛ እነግረዋለሁ። «ቆይ፣ ደሙ ከዚያ ወዴት ሄደ?» ይለኛል። ያን ጊዜ እንደማላውቅ አውቃለሁ። ዓመቱ ሲያልቅ 14ኛ ወጣሁ።

ስለዚህ እርስዎ እንግሊዝኛ አለማወቅዎ አያግድዎትም። ጆሮ አለዎት።

አሁን ወደ እህትዎ ወሬ ልምጣ። የእሷ ልጅ የምትማርለት ፈተና በእንግሊዝ አገር ተማሪዎች 16 ዓመት ገደማ ሲሆናቸው የሚፈተኑት ነው። ብዙውን ጊዜ ሁለት ዓመት ይዘጋጁበታል። እንግሊዝኛና ሒሳብ ለሁሉም ግዴታ ነው። አሁን ያለው ውጤት ከ9 እስከ 1 ነው፤ 9 ትልቁ ነው። በእነዚህ በሁለቱ 4 ያላመጣ ልጅ ትምህርቱን ሲቀጥል እነሱን ደግሞ ይማራል። እንግዲህ እዚያ በመካከል ላይ አንድ መመዘኛ አለ። ልጁ የት እንዳለ ቤተሰቡም እሱም ያውቃሉ።

እኛም ነበረን። የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለመጨረሻ ጊዜ የተሰጠው በ2011 ዓ.ም. ነው። አሁን ልጅዎ ስምንተኛን ካለፈ በኋላ እስከ 12ኛ ድረስ ከትምህርት ቤቱ ውጭ የሚፈትነው የለም። ዘጠነኛና አሥረኛ ጸጥ ብለው ያልፋሉ። ካርድ ይመጣል፣ «ተዛውሯል» ይላል፣ ቤተሰብ ደስ ይለዋል። ከዚያ 12ኛ ላይ ጉዱ ይወጣል። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት መካከል 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ። ይህን የምነግርዎ ላስፈራራዎት ብዬ አይደለም። እነዚህ ልጆች 12ኛ ክፍል ላይ የሰነፉ አይመስለኝም። ብዙዎቹ ዘጠነኛ ላይ የጠፋባቸውን ነገር ማንም አላየላቸውም።

የሚጠፋባቸው ነገር ደግሞ ብዙ ጊዜ ቋንቋው ነው። ከዘጠነኛ ጀምሮ መጽሐፉም ፈተናውም ከአማርኛ ትምህርት በቀር በእንግሊዝኛ ነው። መምህሩ ሲያስረዳ በአማርኛ ያስረዳል፤ እኔም አደርገው ነበር። ልጁ ክፍል ውስጥ ይገባዋል። ወረቀቱ ሲመጣ ግን ይደናገራል። አንድ ጎበዝ ልጅ ነበረኝ። ስለ ዕፅዋት ቢጠይቁት የማይመልሰው የለም። በፈተና ከአሥር አራት አገኘ። አስቀምጬ ስጠይቀው ጥያቄው ላይ ‹ኤክሴፕት› የምትል ቃል አለች። «ከእነዚህ በቀር» ማለት ነው። አላወቃትም። ትክክል የሆነውን ሁሉ እየመረጠ ስድስት ጥያቄ ተሳሳተ። ያ ልጅ ባዮሎጂ አልወደቀም፤ አንዲት ቃል ጣለችው።

ስለዚህ ልጅዎ ትንሽ ደብተር ይያዝ፤ ለቃላት ብቻ የሚሆን። በቀን አምስት ቃል ይበቃል። ከመጽሐፉ የሚያወጣቸው ይሁኑ። በተለይ የጥያቄ ቃላትን፦ ‹ኮምፔር› ሲል አወዳድር፣ ‹ኤክስፕሌይን› ሲል አስረዳ፣ ‹ዲፋይን› ሲል ፍቺውን ስጥ ማለት እንደሆነ ይልመድ። አምስት ቃል በቀን ማለት በወር 150 ነው።

ክረምቱ ገና አላለቀም። እርሻው ሥራ እንደሚበዛበት አውቃለሁ፤ ጤፉ ይዘራል፣ በቆሎው ይታረማል። ከሥራ አያስቀሩት፤ ግን በቀን አንድ ሰዓት ይተዉለት። በዚያች ሰዓት የሰባተኛና የስምንተኛ ሒሳቡን ይከልስ። ክፍልፋይ፣ ከዜሮ በታች ያሉ ቁጥሮች፣ ቀላል እኩልታ። እነዚህ ካልጠሩ የዘጠነኛው ፊዚክስና ኬሚስትሪም አይራመዱም። መምህሩ ፊዚክስ ከበደው ይላል፤ የከበደው ክፍልፋዩ ነው።

ስልኩን በተመለከተ ለመጀመሪያው መንፈቅ አይግዙለት። ሦስት ጎረምሶች በአንድ ክፍል፣ አዋቂ በሌለበት፣ ስማርት ስልክ ይዘው ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት በፊት አይተኙም። ቲክቶኩ አያስተኛቸውም። ለመደዋወያ ቁልፍ ስልክ ይበቃዋል። መጽሐፍ ባይደርሰው የትምህርት ሚኒስቴር የዘጠነኛ መጻሕፍት በፒዲኤፍ አሉ፤ መምህር ወይም ዘመድ ስልኩ ላይ ይጫንለት፤ ልጁ ወደዚያው እየሄደ ያንብብ። ለስልኩ ካሰቡት ገንዘብ በጥቂቱ የሶላር መብራትና አንድ መዝገበ ቃላት ይግዙለት። መብራት ሲጠፋ የሚጠፋው ጥናት ብዙ ነው።

አስጠኚም አሁን አያስፈልግም። መጀመሪያ ልጁ የቱ ጋ እንደሚሰናከል ይታወቅ። ጥር ላይ ሒሳብ ብቻ ከከበደው ለሒሳብ ብቻ ይፈልጉለት።

የሚከራይበትን ቤት ግን ራስዎ ሄደው ይዩ። ይህ ከአስጠኚ ይበልጣል። አከራይዋን ያነጋግሩ፤ «ልጄን አደራ» ይበሏት። አደራ የተባለች ሴት ማታ በር ታንኳኳለች። አብረውት ከሚኖሩት አንዱ አሥረኛ ወይም አሥራ አንደኛ ቢሆን ደግ ነው። ዘጠነኛ ብቻ የሆኑ ሦስት ልጆች ሲደናገሩ አብረው ይደናገራሉ። የማብሰሉንም ተራ ከመጀመሪያው ቀን ይቁረጡ። ሽሮና በሶ አስቀድመው ካሰናዱላቸው ማታ ሁለት ሰዓት ያተርፋሉ።

ዕድሜውን አንስተውብኛል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልለምንዎ። ዓመት የባከነበት በእሱ ጥፋት አይደለም። በአካባቢያችን እንደሱ ያለ ልጅ ብዙ ነው፤ ክፍል ሲገባ ብቻውን አይሆንም። ቤት ውስጥ «እኩዮችህ ቀደሙህ» የሚል ቃል አይውጣ። አባቱም እንዳይለው ይንገሩት። በዚህ ዕድሜ ያለ ወንድ ልጅ ካፈረ ትምህርቱን ትቶ የቀን ሥራ ይሄዳል። ስንት ጎበዝ እንዲህ ከትምህርቱ ሲቀር አይቻለሁ፤ እስካሁን ይቆጨኛል።

በገበያ ቀን ስንቁን ሲያደርሱ ደብተሮቹን ያስመጡት። ማንበብ አይጠበቅብዎትም። ቀኑ ተጽፏል ወይ? በመካከል ባዶ ገጽ አለ ወይ? የመምህር ቀይ እስክሪብቶ አርፎበታል ወይ? ሁለት ሳምንት ሙሉ ምንም ያልተጻፈበት ደብተር ካዩ ትምህርት ቤት ብቅ ብለው የክፍል ኃላፊውን መምህር ይጠይቁ። የሚጠይቅ ወላጅ ያለውን ልጅ መምህር ስሙን ይይዘዋል። እኔም እንደዚያ ነበርሁ፤ ልክ አልነበረም ግን እውነት ነው።

ከዚያ እንጀራውን አውርደው፣ ደጁ ላይ አረፍ ብለው፣ አንዱን ደብተር ይምረጡ። የፈለጉትን። «ዝጋውና ንገረኝ» ይበሉት። በአማርኛ ይንገርዎ። ካልገባዎት «አልገባኝም፣ እንደገና» ይበሉት፤ አይፈሩ። ሲጨርስ የዚያን ትምህርት አንድ ቃል በእንግሊዝኛ ያስተምርዎ። በሚቀጥለው ገበያ ቃሏን እርስዎ ይንገሩት።