ሁስቢ ቤት ለቀረበላት እህት፦ ቤቱን ውሰጂ፣ በር ላይ ቆመሽ ግን አትፈርሚ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን አየሁት። ስቶክሆልም፣ ሁስቢ ውስጥ የኪራይ ቤት ቀርቦልኛል፣ ሕንፃው ያረጀ ነው፣ ሰፈሩም ያስፈራል ይሉኛል፣ ልውሰድ ወይስ ሌላ ልጠብቅ ነው ያልሽው። ከመለሱልሽ ሰዎች አብዛኞቹ እዚያ ኖረው አያውቁም፣ ያስታውቃል። እኔ መጀመሪያ እዚያው አካባቢ ያለ ቴንስታ የሚባል ሰፈር ኖሬያለሁ፣ አሁን ሁስቢ ነኝ፣ ልጆቼም እዚሁ ነው ያደጉት። ስለ ኪራይ ቤት ወረፋው አላወራም። ቤት እስኪቀርብልሽ ከደረስሽ እሱን ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ።

1. በስሙ ብቻ አትፍሪው። ልዋሽሽ አልፈልግም፣ ፖሊስ ሁስቢንም ሪንከቢንም ቴንስታንም ችግር አለባቸው ብሎ ከዘረዘራቸው ሰፈሮች ውስጥ አስገብቷቸዋል። እ.ኤ.አ. በሜይ 2013 ሁስቢ ላይ መኪና ሲቃጠል መላው ዓለም በቴሌቪዥን አይቷል። ግን የምትኖሪው በዜና ውስጥ አይደለም፣ በአንድ ሕንፃ፣ አንድ ደረጃ ከሚጋሩ ጎረቤቶች ጋር ነው። ከመወሰንሽ በፊት አንዴ ቀን ልጆች ከትምህርት ቤት ሲወጡ፣ አንዴ ደግሞ ማታ ሄደሽ እዪው። የመግቢያው በር በትክክል ይዘጋል? የደረጃው መብራት ይሠራል? ትቬትስቱጋው፣ የጋራ ልብስ ማጠቢያው፣ ንጹሕ ነው? ማጠቢያው ንጹሕ ከሆነ ጎረቤቶቹ ይከባበራሉ ማለት ነው፣ ይሄን በደንብ አይቻለሁ።

2. መንገዱን በእግርሽ እወቂው። እነዚህ ሰፈሮች የተሠሩት ስዊድን እ.ኤ.አ. ከ1965 እስከ 1974 አንድ ሚሊዮን ቤት እሠራለሁ ብላ በተነሳችበት ጊዜ ነው፣ ያኔ ሕዝቧ 8 ሚሊዮን እንኳ በቅጡ አልሞላም ነበር። ቦታው የርቫ የሚባል የጦር ሠራዊት መለማመጃ ሜዳ ነበር። ቴንስታ ሰው የገባው በ1960ዎቹ መጨረሻ ነው፣ ባቡሩ የደረሰው ግን በ1975 ነው፣ ሁስቢ ደግሞ በ1977። ሲያቅዱት መኪናና እግረኛን ለያይተውታል። መኪናው ከታች ይሄዳል፣ ሰው ከላይ በድልድይ ያልፋል። ልጄ ከቤት ትምህርት ቤት ስትሄድ አንድም የመኪና መንገድ አታቋርጥም። ይሄን በገንዘብ አታገኚውም፣ ውድ የሚባሉት ሰፈሮች ውስጥ እንኳ የለም። ሰፈሩን የሚሰድቡ ሰዎች ይሄን ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም።

ችግሩ ዕቃ ስታጓጉዢ ነው። የስልክሽ ካርታ መኪናውን ድልድይ ሥር ወስዶ ያቆመዋል፣ በርሽ ግን ከላይ ነው። እኛ ፍሪጁን በደረጃ ተሸክመን ነው ያወጣነው። አንድ ቀን ቀደም ብለሽ መኪና እስከ በሩ የሚደርስበትን መግቢያ ፈልጊ። ሁስቢ የመንገዶቹ ስም የኖርዌይ ነው፣ ትሮንድሃይም፣ በርገን፣ ኦስሎ እያለ ይሄዳል። ጎረቤት ሰፈሮቹ ደግሞ፣ ሺስታ የዴንማርክ፣ አካላ የፊንላንድ ነው። ስለዚህ ለሹፌሩ የመንገዱን ስም ስትሰጪው በየትኛው ሰፈር እንዳለ ወዲያው ይገባዋል። መሬቱ ዳገት ስለሆነ አንዳንዱ ሕንፃ በሁለት ወገን መግቢያ አለው። በቤት ቁጥሩ ተመሪ፣ 1201 ከሆነ ከመግቢያው ፎቅ ሁለት ወደ ላይ ነው።

3. ሕንፃውን ስታዪ ቀለሙን ተዪው፣ ስለ ቧንቧው ጠይቂ። ግድግዳው ኮንክሪት ነው፣ ፋብሪካ ተሠርቶ መጥቶ የተገጠመ፣ እሱ አይወድቅም። ከ50 ዓመት በላይ የሆነው ቧንቧው ነው። ስታምቢተ ይሉታል፣ የሕንፃውን ቧንቧ በሙሉ መቀየር ማለት ነው። ተቀይሯል ወይስ ገና ነው? ገና ከሆነ መቼ? መልሱን በቃል ሳይሆን በኢሜይል ተቀበዪ። ምክንያቱን ልንገርሽ፣ እስካሁን የሚያቃጥለኝ ነገር ይሄ ነው።

ቴንስታ እያለን ቤቱን ስንረከብ ስለ እድሳት ማንም ትንፍሽ አላለንም። ገብተን ብዙም ሳንቆይ ከአከራዩ የቤት ኩባንያ የእድሳት ደብዳቤ መጣ። ከዚያ ስብሰባ ጠሩን፣ ቡናና ቡሌ፣ ጣፋጩን ዳቦ፣ አቀረቡ፣ አዲስ ኩሽና የሚያሳይ ቆንጆ ፎቶ አሳዩን። የኪራዩን ጭማሪ በትንሽ ፊደል መጨረሻ ላይ አስቀምጠውታል። ከስብሰባው በኋላ ማታ ማታ በር እያንኳኩ ማስፈረም ጀመሩ። ከታችኛው ፎቅ የሚኖሩ አንዲት እናታችን ጡረተኛ ናቸው፣ ስዊድንኛ ብዙም አያነቡም። ሰዎቹ ቤቱን መጥተው ማየታቸውን የሚገልጽ ወረቀት መስሏቸው ፈረሙ። የፈረሙት ግን ትልቁን እድሳትና አዲሱን ኪራይ ነበር። በማግስቱ ወረቀቱን ይዘውልኝ ሲመጡ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር።

የቤት ኩባንያው ቢሮ ሄድኩ። ሴትየዋ ከኮምፒውተሯ ቀና እንኳ ሳትል "ሁሉም ፈርሟል፣ የቀረኸው አንተ ብቻ ነህ" አለችኝ። ውሸት ነው። የእኛን ደረጃ ከሚጋሩት ጎረቤቶች ግማሹ እንኳ አልፈረመም፣ በር በር ዞሬ ጠይቄያለሁ። ኪራዩ ከአቅማችን በላይ ነው ስላት "እንግዲያው ርካሽ ቦታ ፈልግ" አለች። ከቴንስታ የረከሰ የት ልሂድላት? ሰው የዓመታት ወረፋ ጠብቆ ያገኘውን ቤት እንዲህ ነው የሚናገሩት።

አሁን ይሄን በደንብ ያዢ። ቧንቧ መቀየር ጥገና ነው፣ እሱ ብቻውን ኪራይ አያስጨምርም። ኪራይ የሚያስጨምረው የቤቱን ደረጃ ከፍ የሚያደርገው ነው፤ ሴራሚክ፣ ፎጣ ማድረቂያ፣ አዲስ ኩሽና፣ የመሳሰለው። ለዚያ ደግሞ አከራዩ የተከራዩን ፈቃድ ማግኘት አለበት። ካልፈረምሽ ሂረስነምንደን፣ የኪራይ ችሎቱ ዘንድ መሄድ ይችላል፣ ግን በጽሑፍ ካሳወቀሽ በኋላ ቢያንስ 2 ወር መጠበቅ ግዴታው ነው። ችሎቱ ብዙ ጊዜ ለአከራይ ያደላል፣ እሱንም አልደብቅሽም። ያ 2 ወር ግን የመደራደሪያ ጊዜሽ ነው፣ በር ላይ ስትፈርሚ የምትሰጪያቸው እሱን ነው። ጭማሪው ከበዛም በአንዴ ሳይሆን ዓመት በዓመት በደረጃ እንዲገባ መጠየቅ ይቻላል።

እኛ የተከራዮች ማኅበሩን፣ ሂረስጌስትፎረኒንገንን፣ ጠራን። ደብዳቤውን ለሐበሾቹ በአማርኛና በትግርኛ ተረጎምን፣ ሶማሌ ጎረቤታችን ለራሳቸው ሰዎች ተረጎመ፣ ትቬትስቱጋው በር ላይ ለጠፍነው። በመጨረሻ "የለም" ሲሉን የነበረው አነስተኛ እድሳት ተገኘ። የግድ የሚያስፈልገው ተሠርቶ የድሮው ኩሽና ባለበት ቀረ። ከትልቁ ጋር ሲተያይ በወር ከ1 ሺህ ክሮና በላይ ልዩነት ነበረው። እናታችንም ሳይገባቸው እንደፈረሙ በጽሑፍ አመልክተንላቸው ወደ አነስተኛው ተዛወሩ። በሕይወቴ ከሠራሁት ሥራ ሁሉ በዚህ እኮራለሁ።

ስለዚህ ያንቺ ቤት ቧንቧው ከተቀየረ አትጠራጠሪ፣ ውሰጂው። ካልተቀየረም ውሰጂው፣ ግን የማስታወቂያውን ዓይነት እዪ። "ኮርትቲድ" የሚል ካለበት እድሳት እስኪጀመር ድረስ ብቻ ነው የሚሰጡሽ፣ ከዚያ ውጪ ይሉሻል፣ ከልጅ ጋር አይሆንም። ኮንትራቱ ሲመጣልሽ የመታወቂያ ቁጥርሽን ሸፍነሽ ፎቶውን በውስጥ ላኪልኝ። ከሥራ የምገባው ማታ ነው፣ አንብቤ በዚያው ሌሊት እመልስልሻለሁ።