የሰርጉን ዲስክ አላነብ ያለው ዴክ፦ ልግዛ ወይስ ላሠራ?

ከሐይቅ አንዲት እህታችን እንዲህ ስትል ጽፋልናለች፦ «ቤታችን ያለው የዲቪዲ ዴክ ኦርጅናል ዲስክ ያለ ችግር ያጫውታል። የወንድሜ ሰርግ የተቀዳበትን ስናስገባ ግን አንዳንዴ ‹ኖ ዲስክ› ይላል፣ አንዳንዴ ደግሞ ደህና ጀምሮ መጨረሻው ላይ ይቆራረጣል። እናቴ የሚሰሙት የመንዙማ ዲስክም ያስቸግራል። ሌላ ልግዛ ብዬ ደሴ ብወጣ ሁሉም ሱቅ የያዘውን ያወድሳል። የተቀዳ ዲስክ የማይመርጥ የትኛው ነው?»

እህት ዓለም፣ አብሽሪ። እዚህ ደሴ ዴክ ስፈታ ስገጥም ነው የምውለው፤ ይሄ ጥያቄ በየቀኑ ይመጣል። ስም ግን አትጠይቂኝ። ሳጥኑ ላይ የታወቀ ስም ተለጥፎበት ውስጡ ሌላ የሆነ ዴክ ገበያው ላይ ሞልቷል። እውነተኛው ፋብሪካም ቢሆን በዚያው ስም ዘንድሮ አንድ ሌንስ፣ ለከርሞ ሌላ ሌንስ ሊገጥም ይችላል። የተቀዳ ዲስክ የሚያነበው ደግሞ ስሙ ሳይሆን ሌንሱ፣ ማለትም በሌዘር ዲስኩን የሚያየው ዓይኑ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኦርጅናል ዲስክ ፋብሪካ ውስጥ የታተመ ነው። ጥቃቅን ጉድጓዶቹ ፕላስቲኩ ላይ ተቀርጸው በአሉሚኒየም ተሸፍነዋል። ስቱዲዮ የሚቀዳልሽ ዲስክ ግን ውስጡ ቀለም የተቀባ ነው፤ የመቅጃው ሌዘር ቀለሙን እየለበለበ ምልክት ይተዋል። ዴኩ ቀይ ሌዘር ያበራና ተመልሶ የሚመጣውን ብርሃን ያነባል። ባለ አንድ ንጣፍ ኦርጅናል ከብርሃኑ ከ45 እስከ 85 በመቶውን ይመልሳል። ማይነስ አርና ፕላስ አር የሚባሉት፣ አንዴ ብቻ የሚቀዳባቸው ዲስኮችም ከ45 እንዳይወርዱ ደንቡ ያዛል፤ ርካሹ ዲስክ ግን ደንቡን አላነበበም። እየተፋቀ ደጋግሞ የሚቀዳበት አርደብሊው ደግሞ ከ18 እስከ 30 በመቶ ብቻ ይመልሳል። ስለዚህ ሌንስ ሲደክም መጀመሪያ የሚያቅተው አርደብሊው ነው፣ ቀጥሎ አር። ኦርጅናሉን ግን ሊሞት እያጣጣረም ያነባል። «ኦርጅናል ያጫውታል» ስላልሽ ብቻ ዴኩ ጤነኛ ነው ማለት አልችልም።

አሁን ወደ አንቺ ዴክ። ሁለት በሽታ ነው የነገርሽኝ። «ኖ ዲስክ» የሚለው ብዙ ጊዜ የዴኩ ነው። መጨረሻ ላይ መቆራረጡ ግን ብዙ ጊዜ የዲስኩ ነው። ዲስክ የሚነበበው ከመሃል ወደ ጠርዝ ነው፤ የሰርጉ መጨረሻ ያለው ጠርዙ ጋ ነው ማለት ነው። ቀጂው ቸኩሎ በ16 እጥፍ ፍጥነት ከቀዳው፣ ያ ፍጥነት የሚደረሰው ጠርዙ ላይ ነው። ቀለሙ በደንብ ሳይለበለብ ያልፋል። በዚያ ላይ የሙሽሮቹን ፎቶ በስቲከር አሠርተው ዲስኩ ላይ ይለጥፉታል። ያምራል፣ ግን ወረቀቱ ትንሽ ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ ዲስኩ ሲሽከረከር ይንቀጠቀጣል። እኔ ስቲከር ያለበት የሰርግ ዲስክ ሲመጣልኝ ዴኩን ከመክፈቴ በፊት ዲስኩን ነው የምጠረጥረው።

ጎረቤት ወስደሽ ሞክሪው። እዚያም እዚያው ቦታ ላይ ከተቆራረጠ ዲስኩ ነው፤ አዲስ ዴክ ብትገዢም አይፈታም። እዚያ እስከ መጨረሻው ከሄደ ያንቺ ዴክ ነው።

የዴኩ ከሆነም ወዲያው አትጣዪው። ሌንሱ ላይ አቧራ ተቀምጦ ይሆናል፤ ዴኩን ከመብራት ነቅለሽ፣ ንጹሕ ጥጥ በትንሽ አልኮል አርሰሽ ቀስ ብለሽ መጥረግ ነው። ሌንሱ ጎን ላይ ያለችውን ትንሽ ብሎን ማንም እንዲያዞራት አትፍቀጂ። የሌዘሩን ኃይል የምትቆጣጠር እሷ ናት። ስትዞር ለጥቂት ሳምንት ያነብልሽና ሌንሱ ጭራሽ ይሞታል። ብዙ ሰው የማያስበው ደግሞ ፓወር ሳፕላዩን፣ ለዴኩ ኃይል የሚሰጠውን ክፍል ነው። መብራት ሲሄድ ሲመጣ እዚያ ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ኮንደንሰሮች ያብጣሉ። ሞተሩ ሲነሳ 5 ቮልቱ ይወርድና ዴኩ «ኖ ዲስክ» ይላል፤ ጥፋቱ በሌንሱ ይላከካል። ኮንደንሰር ሳያይ «ሌንስ ይቀየር» የሚልሽን ሰው፣ በሜትር ለካህ ወይ በይው።

መግዛት ከፈለግሽ ደግሞ ዲስክሽን ይዘሽ ነይ። አንድ ኦርጅናል፣ አንድ ደህና የተቀዳ አር፣ ካለ አንድ አርደብሊው፣ አንድ የድሮ ሲዲ፣ ያንን አስቸጋሪውንም ጨምሪ። ሻጩ በራሱ ዲስክ አሳይቶ እንዳይሸኝሽ። ሲዲውን ያስያዝኩሽ በምክንያት ነው፤ በኮምፒውተር የተቀዳ ሲዲ 780 ናኖሜትር የሆነ ሁለተኛ ሌዘር ይፈልጋል፣ የዲቪዲው 650 ነው። አንደኛው ሌዘር ደህና ሆኖ ሌላው የደከመ ዴክ አለ። እያንዳንዱን ዲስክ አስገቢና ምስል እስኪመጣ ጠብቂ። ብዙ አስቦ፣ ሞተሩን አስነስቶ እያቆመ እንደገና የሚሞክር ከሆነ ተዪው። ከጀመረ ወደ መጨረሻው ምዕራፍ ዝለዪ፤ ፈተናው እዚያ ነው። ከቻልሽ ግማሽ ሰዓት ያህል ይጫወት፤ ሲሞቅ የሚከዳ አለ።

ሌንሱ ምን እንደሆነም ጠይቂ። የሶኒው ኬኤችኤም 313 ወይም የሳንዮ ኤችዲ 62ና ኤችዲ 65 ዓይነት የተለመደ ሌንስ ከሆነ መለዋወጫ የማግኘት ዕድልሽ ሰፊ ነው። ስክሪን ያላትን ትንሿን ተንቀሳቃሽ ዴክ ለዚህ ሥራ አልመክርም፤ ሌንሷ ስስ ነው፣ ስትበላሽም የሚሠራላት ይጠፋል። ከውጭ ዘመድ ቢልክልሽ ጀርባው ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል እይ። ከአሜሪካ የመጣ 120 ብቻ የሚል ከሆነ በእኛ 220 ያለ ትራንስፎርመር ከተሰካ ጭስ ነው። የሪጅን፣ ማለትም ዲስኩ በየትኛው የዓለም ክፍል እንደሚሠራ የሚወስነው ቁጥር ነገር አያስጨንቅሽ፤ እኛ 5 ነን፣ ስቱዲዮ የሚቀዳው የሰርግ ዲስክ ግን በአብዛኛው ሪጅን የለውም። ገዝተሽ ከደሴ ብርድ ወደ ሐይቅ ስታወርጂውም እንደገባሽ አትሰኪው፤ ሌንሱ ላይ የያዘው እርጥበት እስኪደርቅ አንድ ሰዓት ይቆይ።

መንዙማው ምናልባት ሌላ ጉዳይ ነው። ዝርዝሩን አሳይቶ ሲጫኑት እምቢ ካለ ፋይሉ ኤምፒ4 ሆኖ በዳታ፣ ማለትም እንደ ተራ የኮምፒውተር ፋይል ተቀድቶ ይሆናል። ብዙው የዲቪዲ ዴክ ይሄን አይችልም። ቀጂው «ዲቪዲ ቪዲዮ» አድርጎ ይቅዳልሽ፣ በ4 ወይም በ8 እጥፍ፣ አዲስ ማይነስ አር ላይ፣ ፋይናላይዝ አድርጎ (ሌላ ዴክ እንዲያነበው ቅጂውን ዘግቶ)፣ ያለ ስቲከር። የሰርጉንም እንደዚሁ። ስቱዲዮው ዋናው ፋይል ካለው ከእሱ ይቅዳ፤ ከተቆራረጠው ዲስክ የሚቀዳ ቅጂ መቆራረጡንም ይወርሳል። እግረ መንገድሽን ፍላሽ ላይም አስጭኚው። ፍላሹ ፋት 32 ሆኖ ፎርማት ይደረግ፤ ብዙ ዴክ ሌላውን አያነብም። ፋት 32 ላይ አንድ ፋይል ከ4 ጊጋ ማለፍ ስለማይችል ረጅሙን ቪዲዮ ከፋፍለው ይጫኑልሽ።