ከአሮጌ ቤት ወለል ላይ የቪኒል ንጣፍ ስለ ማንሳት

ጥያቄ፦ የምንኖረው ባሕር ዳር፣ ከጣና ሐይቅ ብዙም በማይርቅ ሰፈር፣ አባታችን በ1960ዎቹ ባሠሩት ቤት ነው። በሳሎኑ የሲሚንቶ ወለል ላይ ከጥንት ጀምሮ በጥቁር ሙጫ የተለጠፈ፣ አራት ማዕዘን የሆነ የቪኒል ንጣፍ አለ፤ መኝታ ቤቱ ደግሞ ከጥቂት ዓመታት በፊት በማስቲሽ የተለጠፈ ጥቅል ፕላስቲክ ነው። የሁለቱም ጠርዝ እየተነሳ በመሆኑ ሴራሚክ ልናስነጥፍ አስበናል። ያነጋገርነው ሠራተኛ ሙጫውን በቤንዚን አለስልሶ ቀሪውን በግራይንደር እንደሚያነሳው ነግሮናል። ምን ትመክሩናላችሁ?

መልስ፦ ከሁሉ አስቀድሞ ይህን አሠራር እንዳይቀበሉ አደራ እንላለን። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ወለሉ ላይ ተኝቶ ይቆያል፤ ግራይንደሩ ብልጭታ ሲረጭ፣ ወይም በሚቀጥለው ክፍል ለቡና ከሰል ሲቀጣጠል፣ ቤቱ በቅጽበት በእሳት ሊያያዝ ይችላል።

የሳሎኑ ንጣፍ ዕድሜም ያሳስበናል። በዚያ ዘመን የቪኒል ንጣፍና ጥቁር ሙጫ ሲሠሩ አስቤስቶስ ይቀላቀልባቸው ነበር፤ ይህ ማዕድን በዓይን የማይለይ ሲሆን፣ ንጣፉ በደረቁ ሲፋቅ ወይም ሲፈጭ በብናኝ መልክ ወደ ሳንባ ገብቶ ከብዙ ዓመታት በኋላ ለካንሰር ሊዳርግ ይችላል። በላቦራቶሪ እስካልተመረመረ ድረስ እንዳለበት ቆጥሮ መሥራት ይገባል። ስለዚህ አብዛኛው ንጣፍ አጥብቆ ከያዘ ሳይነካኩት በላዩ ሌላ ምንጣፍ ቢያለብሱት እንመርጣለን፤ ሴራሚክ ግን በቪኒልም ሆነ በጥቁር ሙጫ ላይ በተራ የሲሚንቶ ቡኬት አይያዝም። የግድ ይነሳ ካሉ ልጆችን ከቤት ያርቁ፤ ጥቂት ሳሙና በተቀላቀለበት ውኃ እያራሱ፣ ስፓቱላ ከጠርዙ ሥር እያስገቡ፣ ሳይሰባበር በሙሉው ያንሱትና በወፍራም ፕላስቲክ ከረጢት ከተው አፉን ይቋጥሩት። የጨርቅ ጭምብል ይህን ብናኝ አያስቀርም፤ ደቃቅ ብናኝ የሚያጣራ ልዩ ጭምብል ያስፈልጋል። የቀረውን ጥቁር ሙጫ አይፍጩት።

የመኝታ ቤቱ ሥራ ቀላል ነው። ጥቅሉን በካተር ጠበብ አድርገው ይሰንጥቁትና ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ኋላ አጥፈው ወለል ለወለል ይሳቡት፤ እምቢ ያለውን በፀጉር ማድረቂያ ያሙቁት።

ሆኖም ጠርዙ ለምን ተነሳ? ሐይቁ አጠገብ ባሉ ሰፈሮች የከርሰ ምድር ውኃ ቅርብ ስለሚሆን፣ ከሥሩ ፕላስቲክ ያልተነጠፈበት ወለል እርጥበት ወደ ላይ ይስባል፤ ይህም ሙጫውን ያላቅቃል። ስለዚህ በተራቆተው የመኝታ ቤት ወለል ላይ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ግልጽ ፕላስቲክ አንጥፈው ጠርዙን ዙሪያውን በፕላስተር ያሽጉ፤ በማግሥቱ ከሥሩ ጠብታ ካዩ ወይም ሲሚንቶው ከጠቆረ፣ እርጥበት ከሥር እየመጣ ነው። ውኃው ከፍ የሚለው በክረምቱ መገባደጃ ስለሆነ፣ በመጋቢት ደርቆ የታየ ወለል ማረጋገጫ አይሆንም፤ ፍተሻውን በመስከረም ይድገሙት፤ ሴራሚኩንም ከዚያ በፊት አይግዙ።

የተነሳውን ፕላስቲክ በግቢ ውስጥ አያቃጥሉ፤ ጭሱ ዓይንንና መተንፈሻን የሚጎዳ አሲድ አለበት።