ምሰሶው ቆመ፣ መብራቱስ? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ስለ ትራፊክ መብራት ከደረሱን ጥያቄዎች ሦስቱን እንመልሳለን። የመጀመሪያው ሰፋ ያለ ነገር ስለሆነ ገጹን ሊበላው ነው፣ ሌሎቻችሁ ታገሱን።

ጥያቄ፦ ጋሼ እንደምን ከረሙ። እኔ ባጃጅ ነው የምሰራው፣ ቀኑን ሙሉ ከአባይ ማዶ መሀል ከተማ ስመላለስ ነው የምውለው። መንገዴ ላይ ያለ አንድ መስቀለኛ ላይ የትራፊክ መብራት ተተክሎ ኬብሉም ተቀብሮ ትንሽ ጊዜ ሰራ፣ ከዛ አንዱ ጎን ጠፋ፣ ከዛ ሁሉም ጠፋ፣ አሁን ምሰሶው የቤት ኪራይ ማስታወቂያ መለጠፊያ ሆኗል። ስንጠይቅ «ፕሮጀክቱ ገና አላለቀም፣ በጀት እየተጠበቀ ነው» ይሉናል። ቆሞ እያየነው አላለቀም ማለት ምን ማለት ነው? ገንዘቡስ ከየት ነው የሚመጣው? (የባጃጅ ሹፌር፣ ከባህር ዳር አባይ ማዶ)

መልስ፦ ወንድሜ ጤና ይስጥልኝ። «አንዱ ጎን ጠፋ ከዛ ሁሉም ጠፋ» ካልከው ልጀምር፣ ምክንያቱም እዚህ ጋ ብዙ ሰው ሌባ ኬብሉን ቆርጦት ነው ወይ ቮልቴጅ በልቶት ነው ብሎ ይደመድማል። ሊሆንም ይችላል። ግን ጥጉ ላይ የቆመችው የብረት ሳጥን ውስጥ ኮንትሮለር የሚባል ዕቃ አለ፣ የትኛው ጎን መቼ አረንጓዴ እንደሚሆን የሚወስነው እሱ ነው፣ አብሮትም ሁለት የሚጋጩ መንገዶች ባንዴ አረንጓዴ እንዳያገኙ የሚጠብቅ ክፍል አለ። ይሄ ጠባቂ ለምሳሌ የአንዱ ጎን ቀይ አልበራ ካለው ያ ጎን ነፃ ነው ብሎ የሚገባ ሹፌር እንዳይኖር ሲል መስቀለኛውን በሙሉ ብልጭ ድርግም ያደርገዋል ወይ ጭራሽ ያጠፋዋል። ማለትም የጠፋው ስለተበላሸ ላይሆን ይችላል፣ አንድ አምፖል የሚቀይርለት ሰው ስላጣ እንጂ። አምፖሉን ለመቀየር ደግሞ መሰላል ያለው መኪና፣ ሳጥኑን ከፍቶ ኮንትሮለሩን ሪሴት ማድረግ የሚያውቅ ቴክኒሺያን፣ መጋዘን ውስጥ የተቀመጠ ስፔር ያስፈልጋል። ሦስቱም የሚገዙት ምሰሶው ከተገዛበት በጀት አይደለም፣ ችግሩ ያለው እሱ ላይ ነው።

በጀታችን ሐምሌ 1 ጀምሮ ሰኔ 30 ይዘጋል። ምሰሶ፣ ኬብል፣ ኮንትሮለር የሚገዛው በካፒታል በጀት ነው፣ ጨረታ ይወጣል፣ ኮንትራክተር ያሸንፋል፣ ይተክላል፣ ጊዜያዊ ርክክብ ይደረጋል፣ ከዛ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓመት ያህል የተበላሸውን ኮንትራክተሩ የሚያስተካክልበት ጊዜ አለ፣ እሱ ሲያልቅ የመጨረሻ ርክክብ ተብሎ ተፈራርመው ይለያያሉ። ከዛ በኋላ ያለው ወጪ፣ የኤሌክትሪክ ቢል፣ የሰው ደሞዝ፣ ስፔር፣ መደበኛ በጀት ውስጥ መግባት አለበት። መደበኛ በጀት ውስጥ ደግሞ «የትራፊክ መብራት ጥገና» የሚል መስመር ካልተጻፈ ማንም ሊከፍል አይችልም፣ ቢፈልግ እንኳን ኦዲተር ይይዘዋል።

ሌላው ዶላር ነው። ኮንትሮለሩም ካሜራውም ከውጭ ነው የሚመጣው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሬው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከዛ በፊት በብር የተገመተ ማንኛውም የኢምፖርት ዕቃ ዝርዝር ዋጋው እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም ማለት ነው፣ እና «በጀት እየተጠበቀ ነው» ሲሉህ ሁልጊዜ ሰበብ አይደለም።

ከየት ይመጣል ላልከው፣ ከተማው ከራሱ ገቢ ከሊዝና ከአገልግሎት ክፍያ ሊያወጣ ይችላል፣ ክልል ሊደጉም ይችላል፣ በተለያየ ጊዜ ደግሞ የዓለም ባንክ ብድር አለ። እ.ኤ.አ. በ2018 በጀመረው የከተሞች ፕሮግራም ከ117 ከተሞች አንዷ ባህር ዳር ነበረች፣ አዲስ አበባ ደግሞ ባንኩ እ.ኤ.አ. በ2016 ባጸደቀው የ300 ሚሊዮን ዶላር የትራንስፖርት ፕሮጀክት ውስጥ የመስቀለኛና የመብራት ሥራ ተካቶላት ነበር። እኔ ግን የሚገርመኝ ሰው የሚረሳው አንድ ምንጭ ነው፣ በአዋጅ ቁጥር 66/1989 የተቋቋመው የመንገድ ፈንድ። ነዳጅ በቀዳህ ቁጥር በየሊትሩ ትንሽ ትከፍልበታለህ፣ አዋጁ ያቋቋመው ለመንገድ ጥገናና ለመንገድ ደህንነት ነው፣ ከተሞችም ድርሻ አላቸው። የጠፋ መብራት ማስጠገን ደህንነት ካልሆነ ምን ይሆናል? ብዙ ጊዜ ግን የከተሞች ድርሻ ለጉድጓድ መድፈኛ ነው የሚውለው፣ ጉድጓድ ስለሚጮህ።

ሀብታም ከተማም ቢሆን ባንዴ አይጨርስም። ሎስ አንጀለስ እ.ኤ.አ. በ1984 ኦሎምፒክ ሲመጣባት ስታዲየሙ አካባቢ ያሉትን መብራቶች ከአንድ ማዕከል በኮምፒውተር ማስተሳሰር ጀመረች፣ 4,400 ገደማ የሚሆኑትን መብራቶቿን በሙሉ ያስገባችው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። 29 ዓመት፣ 400 ሚሊዮን ዶላር ገደማ። ብሩም የመጣው በቁርጥራጭ ነው፣ ለማጠናቀቂያው ትልቁ እርዳታ የካሊፎርኒያ መራጮች እ.ኤ.አ. በ2006 ካጸደቁት ቦንድ ላይ ለከተማዋ የደረሳት 150 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ሲያልቅ በራሷ ግምት አማካይ ፍጥነቷ 16 በመቶ ጨመረ፣ ትራፊኩ ግን እስከዛሬ ዓለም የሚያውቀው ትራፊክ ነው።

ከዛ የምወስደው አንድ ነገር በመስመር በመስመር መጨረሳቸውን ነው። እኛ ጋ ፈተናው እዚህም አንድ እዛም አንድ መትከል ነው፣ ሁሉም ክፍለ ከተማ አንድ እንዲደርሰው። አንድ ብቻውን የቆመ መብራት ደግሞ ከትራፊክ ፖሊስ እጅ ብዙም አይሻልም፣ ጥቅሙ የሚመጣው ተከታታይ መስቀለኞች ሲነጋገሩ ነው። በ2016 ግንቦት የተመረቀው 380 ሜትሩ አዲሱ የአባይ ድልድይ ራሱ መኪናውን በፍጥነት ቢያሳልፈውም የሚያወርደው ቀጣዩ መስቀለኛ ላይ ነው፣ መስቀለኛው ካልተስተካከለ ሰልፉ ቦታ ቀየረ እንጂ አልጠፋም።

እንዴት ይነጋገራሉ መሰለህ፣ ሁለት መስቀለኛ በ400 ሜትር ቢራራቁና መኪናው በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ቢሄድ ርቀቱን በ36 ሰከንድ ይጨርሰዋል፣ ስለዚ ሁለተኛው መብራት ከመጀመሪያው 36 ሰከንድ ዘግይቶ አረንጓዴ ይሆናል፣ ያለ ማቆም ታልፋለህ። አንተ ግን ሰው ጭነህ በ30 ነው የምትሄደው፣ 48 ሰከንድ ይፈጅብሃል፣ ስትደርስ ለመኪናው የተቀጠረው አረንጓዴ ሊያልቅ ደርሷል። ባጃጅ በሞላበት ከተማ በአውቶሞቢል ፍጥነት የተቀመረ መብራት ባጃጁን ሁሉ ቀይ ላይ ይሰበስብና መኪናውንም ከኋላው ያስቆመዋል። ይሄን ለማስተካከል አንድ ኢንጂነር ቆጠራ አድርጎ ሰዓቱን መለወጥ ነው ያለበት፣ አስፋልት መቆፈር አያስፈልግም፣ ግን ኢንጂነሩም ደሞዝ ይፈልጋል፣ ደሞዙም እንዳልኩህ መደበኛ በጀት ውስጥ ነው። ስለዚ በሚቀጥለው የነዋሪ ስብሰባ «መቼ ያልቃል» ብለህ አትጠይቅ፣ «ከርክክብ በኋላ ጥገናው በየትኛው በጀት፣ በማን ነው» በላቸው።

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። መምህርት ነኝ፣ ከትምህርት ቤታችን ፊት ያለው መብራት ለእግረኛ የሚሰጠው ጊዜ አጭር ነው፣ ልጆቹ ግማሽ ላይ ሲደርሱ መኪናው ይለቀቃል። ልቁጠረው ብዬ ሰዓት ይዤ ቆሜ ስምንት ሰከንድ ነው ያገኘሁት። ይሄ ትክክል ነው?

መልስ፦ እትየ፣ አይደለም። በብዙ አገር የሚሰራበት ሂሳብ እግረኛ በሰከንድ 1.2 ሜትር ይራመዳል የሚል ነው፣ 14 ሜትር መንገድ ከሆነ 12 ሰከንድ ሊሻገር ብቻ ያስፈልጋል፣ ለመነሳት የሚሰጠው ሳይቆጠር። ትናንሽ ልጆችና አረጋውያን ደግሞ ከዛም ይዘገያሉ፣ በ0.8 ሜትር ካሰሉት 17 ሰከንድ ተኩል ይመጣል። የመንገዱን ስፋት በሜትር ይለኩ፣ ሰከንዱን ይጻፉ፣ ከርዕሰ መምህሩ ማህተም ጋር ለከተማው ትራንስፖርት ክፍል ያስገቡ። ይሄ ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር አይደለም፣ ቴክኒሺያኑ ሳጥኑን ከፍቶ ቁጥር የሚቀይርበት ነው። «በጀት የለም» ካሏችሁ አትቀበሏቸው።

ጥያቄ፦ አደባባዮቹ ሁሉ ፈርሰው መብራት ቢሆኑ አይሻልም ወይ? (ከቀበሌ 14)

መልስ፦ ሁሉም? አይ። አደባባይ ኤሌክትሪክ አይፈልግም፣ መኪናን ያዘገየዋል፣ አደጋ ቢደርስ እንኳን በአብዛኛው ፊት ለፊት ግጭት አይሆንም። የሚያቅተው ከአንድ አቅጣጫ የሚመጣው በጣም ሲበዛና ሌላው ጭራሽ መግቢያ ሲያጣ ነው፣ እንደዛ የሆነውን ለይቶ መብራት መትከል ያስኬዳል። መብራት የሚተከል ከሆነ ደግሞ ከባትሪ ጋር ይሁን። በድሮው አምፖል ጊዜ አንዱ ፋኖስ ከ100 ዋት በላይ ስለሚበላ ባትሪ አይችለውም ነበር፣ ኤልኢዲ ግን ከ20 ዋት በታች ነው፣ መብራት ሲጠፋ መስቀለኛውን ለተወሰነ ሰዓት ማቆየት ይቻላል። ባትሪውም በየጥቂት ዓመቱ ይቀየራል፣ ጨረታው ላይ መቀየሪያው አብሮ ካልተጻፈ ሦስተኛው ክረምት ላይ እንደገና የትራፊክ ፖሊስ ፊሽካ ነው።