ለበረዶ ሆኪ በረኞች የተጻፈ ደብዳቤ

ልጆቼ፣

በኤድመንተን የበረዶ ሜዳዎች በረኛ ማሠልጠን ከጀመርኩ ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ወላጆቻችሁ ሲያገኙኝ የሚጠይቁኝ ሁልጊዜ ያው ነው፤ «የልጃችን እጅ ፈጣን ነው አይደል?» ፈጣን ነው። እኔን የሚያሳስበኝ እግሩ ነው።

እኔም አዲስ አበባ በልጅነቴ የእግር ኳስ በረኛ ነበርኩ፤ አቧራው ላይ ስወረወር ሰፈሩ ያጨበጭብልኝ ነበር። ካናዳ ገብቼ የበረዶ ጫማ ሳደርግም (ስሙ በፊደላችን «ስኬት» ተብሎ መጻፉ ያስቀኛል፤ የመጀመሪያውን ክረምት በመቀመጫዬ ነው ያሳለፍኩት) ያንኑ መወርወር ቀጠልኩ። ስንት ጎል እንደገባብኝ አትጠይቁኝ።

አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ አሠልጣኝ ገመድ ይዘው መጡ። ሁለቱን ጫፎች በግቡ ቋሚዎች ላይ አሰሩ፤ መሐሉን ፓኳ (በሆኪ እንደ ኳስ የምትመታው ጠፍጣፋ ክብ ጎማ) እስካለችበት ሳቡት። «መሐል ግባና ቁም» አሉኝ። የግቡ መስመር ላይ ስቆም ገመዱ በግራም በቀኝም ከእኔ ርቋል። ሁለት እርምጃ ወደፊት ስወጣ ትከሻዬን ሊነካ ደረሰ። ግቡ ያው 1.83 ሜትር ስፋት፣ 1.22 ሜትር ከፍታ ነው፤ እኔም አልወፈርኩም። ደስ ብሎኝ ሳልጨርስ ፓኳን ወደ ጎን ገፏትና «ድረስባት!» አሉ። አልደረስኩም። ወደፊት በወጣሁ መጠን መንገዱ ረዝሞብኝ ነበር። ምን ያህል ልውጣ፣ ፓኳ ወደ ጎን ብትገፋስ እደርሳለሁ ወይ? ዛሬም በየጨዋታው ራሴን የምጠይቀው ይህንኑ ነው፤ መልሱን የሚሰጠኝ ደግሞ እጄ ሳይሆን እግሬ ነው። ቀድሞ ደርሶ ጸጥ ብሎ የቆመ በረኛ ምንም የሠራ አይመስልም፤ ፓኳ ራሷ ደረቱ ላይ ትመጣለታለች። ጭብጨባው ዘግይቶ ለተወረወረው ነው።

በጉልበት ወርዶ እግርን በሁለት በኩል መዘርጋት፣ ቢራቢሮ የምንለውን ማለቴ ነው፣ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። መነሳቱን ግን አታውቁም። ወደ ቀኝ ለመሄድ የሚነሳው የግራ እግር ነው! ስንት ጊዜ ልናገር?

ስለ ፍርሃትም ልንገራችሁ። ፓክ 170 ግራም ያህል የቀዘቀዘ ጎማ ናት፤ የሚፈራት ልጅ ጤነኛ ነው። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 1 ቀን 1959 ኒው ዮርክ ላይ የሞንትሪያል ቡድን በረኛ ዣክ ፕላንት ፊቱን ተመትቶ ከተሰፋ በኋላ ያለ ጭንብል አልመለስም አለ። አሠልጣኙ ጭንብሉን አይወዱትም ነበር፤ ግን እሺ አሉ፣ ሞንትሪያልም 3 ለ 1 አሸነፈ። ስለዚህ የደረት መከላከያችሁ ከሳሳ ደብቃችሁ አትቁሙ፤ ንገሩኝ።

የዚህችው የኤድመንተን በረኛ የነበረው ግራንት ፉር እ.ኤ.አ. በ2003 የሆኪ የክብር አዳራሽ የገባ የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች ነው። ቡድኑ ለማጥቃት የሚሮጥ ስለነበር ጎል ብዙ ይገባበት ነበር፤ ቀጣዩን ግን እንዳልገባበት ሰው ሆኖ ይጠብቅ ነበር። እናንተ አንድ ሲገባባችሁ ዱላ በቋሚው ላይ ትሰብራላችሁ። ከመስታወቱ ጀርባ ለሚጮኹት አባቶቻችሁ ደግሞ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የሚለውን አስታውሱልኝ፤ እኔ ብናገር ይቀየሙኛል።

ቅዳሜ ከንጋቱ 12 ሰዓት ሜዳው የእኛ ነው። ገመዱን እኔ አመጣለሁ።