ዲስኬ አላርፍ አለ ላላችሁ፦ ጥያቄና መልስ

ቱሉ ዲምቱ ላፕቶፕ እጠግናለሁ። ዛሬ መብራት የለም፣ ሱቄ ውስጥ እጄን አጣጥፌ ተቀምጫለሁ። ስልኬ ቻርጅ እስኪጨርስ ጠይቁኝ።

ጥ፦ ላፕቶፔን ምንም ሳልነካው ዲስኩ 100 ፐርሰንት ሥራ ላይ ነው ይላል። ቫይረስ ነው? ፎርማት ላስደርገው?

መ፦ ፎርማቱ ይቆይህ። መጀመሪያ ማን እንደሚያሠራው እይ። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ስትጫን ታስክ ማናጀር፣ የሚሠሩትን ፕሮግራሞች የሚያሳየው መስኮት፣ ይከፈታል። «ዲስክ» የሚለውን ስትነካው ብዙ የሚሠራው ከላይ ይመጣል። አብዛኛውን ጊዜ የዊንዶውስ የራሱ ሥራ ሆኖ ታገኘዋለህ።

ጥ፦ ኮዬ ፈጬ ነኝ። መብራት ሲመጣ በከፈትኩት ቁጥር ግማሽ ሰዓት ይንጫጫል።

መ፦ እህቴ፣ ውዝፍ ሥራ ነው። አፕዴት፣ የቫይረስ ፍተሻ፣ ለፍለጋ ፋይል መመዝገብ፣ እነዚህ ኮምፒውተሩ ሥራ ሲፈታ እንዲሠሩ የታሰቡ ናቸው። አንቺ ግን ሥራሽን ጨርሰሽ ወዲያው ትዘጊዋለሽ፣ ሥራ የሚፈታበት ሰዓት የለውም፣ ስለዚህ በከፈትሽው ቁጥር ሁሉም በአንድ በር ይጋፋል፣ ጠዋት ታክሲ ላይ እንደምንሆነው። መብራት ባለበት ምሽት ቻርጀር ላይ ሰክተሽ፣ ስሊፕ እንዳይገባ አድርገሽ ተዪው።

ጥ፦ «አንቲማልዌር ሰርቪስ» የሚለውን ላጥፋው?

መ፦ አታጥፋ። የዊንዶውስ የራሱ ዘበኛ ነው፣ ዲፌንደር።

ጥ፦ «ሲስሜይን»ስ?

መ፦ የድሮው ሱፐርፌች ነው፤ የምታዘወትራቸውን ፕሮግራሞች ቀድሞ ራም (የኮምፒውተሩ ፈጣን ጊዜያዊ ማስታወሻ) ላይ ያወጣል። አቁመውና ለውጥ ካለ እይ፣ ከሌለ መልሰው። ራምህ 4 ጂቢ ከሆነ ግን እሱን አትውቀስ። ራም ሲሞላ ዊንዶውስ ትርፉን ወደ ዲስክ ነው የሚያወርደው፤ ክሮም ላይ 20 ታብ ከፍቶ ዲስኩ ተንጫጫ ማለት አያስኬድም።

ጥ፦ ልጄ፣ የኔም 100 ይላል፣ ግን ዝርዝሩ ላይ ያሉት ፕሮግራሞች አንዳቸውም ዲስኩን አያሠሩትም። ሦስት ጊዜ ፎርማት ተደርጎልኛል።

መ፦ አባባ፣ የእርስዎ ያሳስበኛል። ታስክ ማናጀር ላይ «ፐርፎርማንስ»፣ ከዚያ «ዲስክ» ውስጥ ገብተው ሪስፖንስ ታይሙን፣ ዲስኩ መልስ ለመስጠት የሚፈጅበትን ጊዜ፣ ይዩ። በሰከንድ የሚነበበው 1 ሜጋባይት ሳይሞላ ሪስፖንስ ታይሙ ሺህ ሚሊሰከንድ ካለፈ ዲስኩ ራሱ እየሞተ ሊሆን ይችላል። ባለፈው ሳምንት እንዲህ ያለ መጣልኝ፤ ጆሮዬን ሳስጠጋው ቀጭ... ቀጭ ይላል፣ ዝም ይላል፣ ደግሞ ቀጭ። ይሄን ፎርማት አያድነውም፣ ያደክመዋል እንጂ። አሁኑኑ ፎቶና ሰነድዎን ሌላ ቦታ ይገልብጡ፣ እስከዚያ ማንም ዲፍራግመንት (የተበታተነ ፋይል መሰብሰብ) እንዳያስነካው።

ጥ፦ ራም ልግዛ ወይስ ኤስኤስዲ?

መ፦ ራምህ 8 ጂቢ ከደረሰ ኤስኤስዲ፣ በሃርድ ዲስክ ምትክ የሚገባው ፈጣኑ ዲስክ። የላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ ብዙውን ጊዜ በደቂቃ 5,400 ጊዜ እየዞረ በክንድ ነው የሚያነበው፤ አምስት ፕሮግራም ሲጠራው ክንዱ ወዲያ ወዲህ ሲል ይውላል። ኤስኤስዲ የሚንቀሳቀስ ነገር የለውም። የድሮው ጤነኛ ከሆነ አትጣለው፣ በዩኤስቢ የሚሰካ ኬዝ ግዛለትና ፎቶ አስቀምጥበት።

ቻርጄ 4 ፐርሰንት ነው፣ የቀራችሁ ነገ።