የጋቫስካር ሴንቸሪ 34 ነው ወይስ 33?

ሰላም ወንድሜ። "አንዱ 34፣ ሌላው 33 ይላል፤ የቱ ነው ልክ?" ላልከው፣ ሁለቱም ልክ ናቸው። ሱኒል ጋቫስካር ለህንድ በቴስት ክሪኬት (በአገሮች መካከል እስከ 5 ቀን በሚቆየው ጨዋታ) 34 ጊዜ 100 ረን (ነጥብ) እና ከዚያ በላይ አስቆጥሯል፤ ሴንቸሪ የሚባለው ይህ ነው። 33ቱን ያገኘው ግን ከፋች ሆኖ፣ ማለትም ለመምታት መጀመሪያ ከሚገቡት ሁለቱ አንዱ ሆኖ ሲገባ ነው።

የቀረችው አንዷ ናት ጉደኛዋ! በዲሴምበር 1983 ማድራስ ላይ፣ ከዌስት ኢንዲስ ጋር ሲጫወቱ፣ 4ኛ ተራ ላይ ልግባ አለ። የዌስት ኢንዲሱ ኳስ ወርዋሪ ማልኮም ማርሻል ከፊቱ ከገቡት ሁለቱን በዜሮ ሸኛቸው። ጋቫስካር ሲገባ ቦርዱ ላይ ገና 0 ነበር፤ ታዲያ ከመክፈት በምን ይለያል? ማንም ከጨዋታ ሳያስወጣው 236 አስቆጠረ። 30ኛ ሴንቸሪው ስለነበር የአውስትራሊያዊውን የዶናልድ ብራድማንን 29 ሴንቸሪ በዚያው አለፈ።

ለኔ ከጠቅላላው ቁጥር ይልቅ የሚገርመኝ 13ቱን ያስቆጠረው በዌስት ኢንዲስ ላይ መሆኑ ነው። ገና ጀማሪ እያለ በ1971 እዚያው ሄዶ በ4 ጨዋታ 774 ረንና 4 ሴንቸሪ ይዞ ተመለሰ። ቀልድ አይደለም።

የእንግሊዙ አላስቴር ኩክ ከፋች ሆኖ 31 ላይ ቆሟል። በአንድ ቀን በሚያልቀው የክሪኬት ዓይነት ግን ጋቫስካር ያለው አንድ ሴንቸሪ ብቻ ነው፤ እሱም በ1987ቱ የዓለም ዋንጫ ኒውዚላንድ ላይ።